ካርቱን ውስጥ ታሪክ መፈለግ ሥራ ፈትነት ነው ለሚሉን

ሰሞኑን በቴሌግራምና በፌስቡክ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። የአሜሪካ የካርቱን ኮሜዲዎችን፣ በተለይም ስለ አንድ ቤተሰብ የሚያወራውን «ዘ ሲምፕሰንስ»ን፣ እያዩ «ይቺ ትዕይንት ከዚያ ፊልም የመጣች ናት፣ ያ ቀልድ የነካው እገሌ ፕሬዚዳንትን ነው» እያሉ የሚለቃቅሙ ወጣቶችን ይወቅሳል። ብዙ ሰው የተቀባበለው ያለ ምክንያት አይደለም። ቋንቋው ይጣፍጣል፤ ቁጭቱም የእውነት ነው። እኔ ከለቃቃሚዎቹ ወገን ስለሆንኩ መልስ ልሞክር።

መጀመሪያ የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላጎድል ላስቀምጥ። የተብራራ ቀልድ የሞተ ቀልድ ነው፣ ጥቅሻ (ወደ ሌላ ፊልም፣ ታሪክ ወይም ሰው የሚጠቁም ነገር) የሚያነፈንፍ ሰው መሳቅ ይረሳል ይላሉ። ቀጥለው፣ ጥቅሻ የደራሲ ስንፍና ነው፤ ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የወጡት የካርቱኑ ደራሲዎች ሐሳብ ሲያልቅባቸው የሌላውን ፊልም እየተበደሩ የተማሩትን ያሳዩበታል ይላሉ። ሦስተኛው ነጥባቸው ከካርቱን የሚለቀም ታሪክ የተጣመመ ታሪክ ነው የሚል ነው። አራተኛው፣ ይህ ሁሉ ምልክት ፍለጋ መድረሻው «ሲምፕሰንስ ትራምፕን ተንብዮ ነበር» የሚል ጥንቆላ ነው። የመጨረሻውና ሕዝቡን ያስጨበጨበው ደግሞ ይህ ነው፦ ጥቅሻዎቹ የእኛ አይደሉም፤ ቅኔ ያለው ሕዝብ የሰው ቤት ሐሜት ሲሸመድድ ማየት ያሳፍራል።

የመጀመሪያውን ነጥብ ግማሹን እቀበላለሁ። አጠገባችሁ ተቀምጦ ቪዲዮውን እያቆመ «ይሄ እኮ ከእንትን ነው» የሚል ሰው ክፍሉን ለቆ ቢወጣ ደስ ይለኛል። ጥፋቱ ግን ማወቁ አይደለም፤ ሰዓት አለማወቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተላለፈውን የሳይድሾው ቦብ ክፍል ተመልከቱ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ወንጀለኛው ቦብ የቤተሰቡን ልጅ ባርትን ሊገድል ተደብቆ ሲመጣ መሬት ላይ የተበተኑ ባለ ረጅም እጀታ የቅጠል መጥረጊያዎችን ይረግጣል። እጀታው ተነስቶ ፊቱን ይለዋል፤ ሌላውን ይረግጣል፣ ይለዋል፤ ሌላውን ይረግጣል፣ ይለዋል። እዚህ ላይ ለመሳቅ ምንም ማወቅ አያስፈልግም። ክፍሉ በሙሉ አንዴ በ1962፣ እንደገና በ1991 የተሠራ አንድ የበቀል ፊልም ቅጂ መሆኑን የማያውቅ ሰው ምንም አልጎደለበትም።

መጨረሻ ላይ ግን ባርት ሞቱን ለማዘግየት ቦብን አንድ ነገር ይለምነዋል፦ «ኤች ኤም ኤስ ፒናፎር»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዝፈንልኝ። ቦብ ድምፁ ሲወደስለት እንቢ ማለት አይችልም። ይዘፍናል፤ ሰዓቱም ያልፋል፤ ይያዛል። ያላወቀ ሰው ገዳይ በሙገሳ ሲሸነፍ አይቶ ይስቃል። ፒናፎር በ1878 ለንደን ውስጥ መድረክ ላይ የወጣ፣ በእንግሊዞች የመደብ ኩራት ላይ የሚያሾፍ የሙዚቃ ኮሜዲ መሆኑን ያወቀ ሰው ደግሞ፣ ቦብን ያስያዘው ሥራ ቦብን በመሰለ ኩሩ ሰው ላይ የተጻፈ መሆኑን አይቶ እንደገና ይስቃል። ሁለተኛው ሳቅ የመጀመሪያውን አልነካበትም።

እንዲያውም ሳይታወቅ የማይወለድ ቀልድ አለ። በዚያው ዓመት በወጣ ሌላ ክፍል የባርት አባት ሆመር ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው የዘፈን ቡድን ሞ የሚባል ሰው መጠጥ ቤት ጣሪያ ላይ ቆሞ ይዘፍናል። በመኪና የሚያልፍ አንድ ሰው ቀና ብሎ ያይና «ይሄ ተሠርቶበታል» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ሰውየው ከእንግሊዙ የሙዚቃ ቡድን ከቢትልሶች አንዱ የሆነው ጆርጅ ሃሪሰን ነው፤ ድምፁም የራሱ የሃሪሰን ነው። ቢትልሶች በጃንዋሪ 1969 ለንደን ውስጥ ጣሪያ ላይ ወጥተው መዝፈናቸውን ለማያውቅ ሰው ይህ ትዕይንት አንድ መኪና ብቻ ነው። ማብራሪያ የገደለው ነገር የለም። ሠሪዎቹስ ቢሆኑ ፈላጊ እንደሚመጣ አያውቁም ማለት ነው? በ1995 የባርት እህት ሊሳ ሥጋ መብላት ባቆመችበት ክፍል እንግዳው ፖል ማካርትኒ፣ እሱም ከቢትልሶች አንዱ፣ አንዱን ዘፈኑን ወደ ኋላ ብታጫውቱት የምስር ሾርባ አሠራር ትሰማላችሁ ይላል። የክፍሉ ማብቂያ ላይ በሚሰማው ዘፈን ውስጥ አሠራሩ የእውነት በግልባጭ ተቀብሯል። በ1960ዎቹ ማብቂያ «ፖል ሞቷል» እያሉ ሸክላ በግልባጭ ሲያጫውቱ ባደሩ አድናቂዎች ላይ የተቀለደ ነው፤ ቀልዱም የሚሠራው አንዳንዱ ተመልካች እነሱኑ መስሎ ሲፈልግ ነው። (ረቡዕና ዓርብ ምስር ለሚበላ ሰው ምስጢሩ ይህን ያህል ድካም ባይገባውም።)

ስንፍና ስለተባለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያዩት ነገር አለ። የብዙዎቹ ደራሲዎች መነሻ በሃርቫርድ ተማሪዎች የሚዘጋጀው የቀልድ መጽሔት መሆኑ እውነት ነው። ስም ጠርቶ ብቻ ሳቅ የሚጠብቅ ካርቱንም ሞልቷል፤ «ያንን የድሮ ፊልም ታስታውሳላችሁ? አዎ? በቃ ሳቁ» የሚል ዓይነት። «ፋሚሊ ጋይ» የተባለውን ሌላ ካርቱን ስመለከት ብዙ ጊዜ የሚሰማኝ ይኸው ነው፤ ሲምፕሰንስም በኋለኞቹ ዓመታት ከዚህ አላመለጠም። ጸሐፊው ስለ እነዚህ ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ይህን መልስ አልጽፍም ነበር።

ችግሩ መጥፎውን ሲጥሉ መልካሙንም አብረው መጣላቸው ነው። በፌብሩዋሪ 1996 የተላለፈውን የሊሳና የጀበዳያ ስፕሪንግፊልድ ክፍል እንውሰድ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው እሱ ነው። ሲምፕሰኖች የሚኖሩባት ከተማ፣ ስፕሪንግፊልድ፣ 200ኛ ዓመቷን እያከበረች ነው። ሊሳ ስለ መሥራቹ ጽሑፍ ስታዘጋጅ ጀግናው ጀበዳያ በእውነተኛ ስሙ ሃንስ ስፕረንግፈልድ የሚባል የባሕር ወንበዴ እንደነበረ፣ ጆርጅ ዋሽንግተንንም ሊገድለው ሞክሮ እንደነበረ ታገኛለች። የእጅ ጽሑፍ ኑዛዜው በእጇ ነው፤ የሚያምናት ግን የለም። ማረጋገጫው የሚመጣው ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሥዕል ነው። ጊልበርት ስቱዋርት በ1796 የጀመረው የዋሽንግተን ሥዕል ፊቱና ከፊቱ ኋላ ያለው ዳራ ብቻ ተሠርቶ ታችኛው ክፍሉ ባዶ የቀረ ነው። ኑዛዜው የተጻፈበት ቁራጭ ከዚያ ሥዕል ላይ የተቀደደ ሆኖ ይገኛል፤ ስፕረንግፈልድ ጥቃቱን ያደረሰው ዋሽንግተን ለሠዓሊው ተቀምጦ ሳለ ነበርና።

አሁን እውነተኛውን ታሪክ ጎኑ አስቀምጡት። ሥዕሉ በእርግጥም አላለቀም። ስቱዋርት ሆን ብሎ ነው ያልጨረሰው፤ ለባለቤቶቹ ላለማስረከብ። እሱን እንደ ናሙና ይዞ ቅጂ እየሠራ በ100 ዶላር ይሸጥ ነበር። ዛሬ በአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለው የዋሽንግተን ፊት ምንጩ ያ ሥዕል ነው። ከ1996 ላይ 200 ቀንሱ፦ 1796፤ ሥዕሉ የተጀመረበት ዓመት። ደራሲዎቹ አሜሪካዊ ሁሉ በየቀኑ ኪሱ ይዞት የሚዞረውን ምስል አንስተው፣ በእውነት ያለበትን ጉድለት አይተው፣ ታሪካቸውን በዚያ ጉድለት ውስጥ አስገቡት። ጥቅሻው ቢወጣ ክፍሉ አብሮ ይፈርሳል። ይህን ስንፍና ካልን ትጋት የምንለው ምን እንደሆነ ጸሐፊው ይንገሩን።

ሦስተኛው ነጥብ፣ የተጣመመ ታሪክ የሚለው፣ ከዚሁ ምሳሌ ጋር ይያያዛል። ስፕረንግፈልድ የሚባል ወንበዴ አልነበረም፤ ከካርቱን ታሪክ የሚማር ተማሪ ፈተና ቢወድቅ አያስገርምም። ማንም ግን ካርቱኑን የታሪክ መጽሐፍ አላለውም። ለቃቃሚው የሚያገኘው ጥያቄ ነው፦ ለምንድነው ሥዕሉ ያላለቀው? እዚያ ላይ ካርቱኑ ተዘግቶ መጽሐፉ ይከፈታል። ደግሞስ ክፍሉ ራሱ የሚያወራው ስለ ምንድነው? ሊሳ መጨረሻ ላይ እውነቱን ለሕዝብ ልትናገር ትቆምና፣ የጀበዳያ ተረት የከተማውን ሰው ደግ አድርጎት ስታይ ትተወዋለች። ትክክል አደረገች? እኔ አልመሰለኝም። በመሥራቾች ክብርና በሰነድ እውነት መካከል ያለውን ይህን ጭቅጭቅ፣ ፌስቡክ ላይ በሐውልትና በነገሥታት ስንነታረክ የምንውል ሰዎች ከማንም በላይ ልናውቀው ይገባል።

የፖለቲካውም እንዲሁ ነው። ጃንዋሪ 27 ቀን 1992 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብሊው ቡሽ የአሜሪካ ቤተሰብ በቴሌቪዥን ድራማ እንደሚታዩት እንደ ዋልተኖች እንጂ እንደ ሲምፕሰኖች እንዳይሆን እንፈልጋለን ብለው ተናገሩ። ከሦስት ቀን በኋላ በድጋሚ ከሚተላለፍ ክፍል መግቢያ ላይ አጭር ትዕይንት ተጨመረች፤ ቤተሰቡ ንግግሩን በቴሌቪዥን ይሰማል፣ ባርትም እኛ እኮ እንደ ዋልተኖች ነን፣ እኛም የኢኮኖሚ ድቀቱ እንዲያበቃ እየጸለይን ነው ይላል። የዋልተኖቹ ድራማ የሚካሄደው በ1930ዎቹ ታላቅ ድቀት ዘመን መሆኑን ያላወቀ ሰው ልጁ ዝም ብሎ የተሳደበ ይመስለዋል። ያወቀ ሰው ግን ሥራ በጠፋበት የምርጫ ዓመት ለፕሬዚዳንቱ የተመለሰላቸውን ይሰማል።

ወደ ትንቢቱ። ጸሐፊው እዚህ ላይ በሽታውን በትክክል አይተዋል፤ ተጠያቂ ያደረጉት ግን ሐኪሙን ነው። በማርች 2000 በተላለፈ ክፍል ጎልማሳዋ ሊሳ ፕሬዚዳንት ሆና፣ ከፕሬዚዳንት ትራምፕ የበጀት ቀውስ ወርሰናል ትላለች። ትንቢት? ትራምፕ በኦክቶበር 1999 በሪፎርም ፓርቲ በኩል ለመወዳደር እንደሚያስብ በቴሌቪዥን ተናግሮ፣ በፌብሩዋሪ 2000 ነው የተወው። በ1988 በኦፕራ ዊንፍሬ ፕሮግራም ላይም ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት ነበር። ቀልዱ በጊዜው ጋዜጣ ላይ የነበረን ሰው የነካ ተራ ጥቅሻ ነው። ትራምፕ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ሲወርድ የሚያሳየው፣ «ከ15 ዓመት በፊት ሣሉት» እየተባለ የሚዞረው ምስል ደግሞ የተሠራው በ2015፣ ትራምፕ ደረጃውን በጁን ከወረደ በኋላ፣ በጁላይ በወጣ አጭር ቪዲዮ ውስጥ ነው። ይህን ማን አጣራው? ቀንና ምንጭ የሚለቃቅመው ያ ሥራ ፈት ነው። ከ700 ክፍል በላይ የሠራ ፕሮግራም ውስጥ አንዳንዱ ቀልድ ኋላ ከመጣ ነገር ጋር ቢገጥም ደግሞ መላእክት አያስፈልጉትም።

ለቃቃሚውም የሌለ የሚያይበት ጊዜ አለ። ፀጉሩ የተንጨባረረ ሽማግሌ ሁሉ አንስታይን፣ ጢም ያለው ሁሉ ማርክስ የሚመስለው ሰው አውቃለሁ። እኔ የምጠይቀው ጥቂት ነው፦ ተጠቀሰ የተባለው ነገር ክፍሉ ከመሠራቱ በፊት ነበረ ወይ? የሚገጥመው አንድ ምልክት ነው ወይስ ብዙ? ሲታወቅስ ቀልዱ ይጨምራል ወይስ እንደነበረ ይቀራል? የስቱዋርት ሥዕል ሦስቱንም ያልፋል። የትራምፕ «ትንቢት» የመጀመሪያውን እንኳ አያልፍም።

አምስተኛው ላይ ልቆይ፤ «የእኛ አይደለም» የተባለው ላይ። ቅኔን እንደ ተቃራኒ ማንሳታቸው ገርሞኛል። መጽሐፍ ቅዱሱን፣ ገድሉን፣ የነገሥታቱን ታሪክ የማያውቅ ሰው ከአንድ ቅኔ ውስጥ ምን ያገኛል? ሰሙን ይዞ ይሄዳል። ቅኔ ቤት የተባለው ቦታ የተጠቀሰውን የማወቅ ትምህርት ቤት ነው፤ መምህሩ ሲያብራራም ቅኔው ሞተ ያለ የለም። ቅኔን ሲምፕሰንስ አላልኩም፣ በክፉ አይዩብኝ። ግን የተጠቀሰን ነገር የማወቅ ልማድ ከእኛ የራቀ ነው ማለት አይቻልም።

ደግሞም የተጠቀስነው እኛ የሆንንበት ጊዜ አለ። በኖቬምበር 2011 በተላለፈ ክፍል የእናትየዋ የማርጅ መኪና ትበላሽና ከባርትና ከሊሳ ጋር «ትንሿ ኢትዮጵያ» በተባለ ሰፈር ይቀራሉ፤ ማርጅ ትፈራለች፣ ከዚያ የኢትዮጵያ ምግብ ቀምሰው ይወዱታል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው ሰፈር ይህን ስም በይፋ ያገኘው በ2002 ነው። አዮዋ ላለ አሜሪካዊ ተመልካች ማብራሪያ የሚያስፈልገው ትዕይንት፣ እዚያ ጎዳና ላይ ክትፎ ለሚበላ የአገሬ ልጅ ሰፈሩ ነው።

ሁልጊዜ እንዲህ ደስ አይልም። «ሳውዝ ፓርክ» የተባለው ሌላ የአሜሪካ ካርቱን በኖቬምበር 1997 ልጆቹ ለእርዳታ ድርጅት ገንዘብ ልከው በስህተት አንድ የተራበ ኢትዮጵያዊ ልጅ የሚላክላቸውን ክፍል አወጣ። ልጁ የሚናገረው በምላስ ጠቅታ ነው። ጠቅታ ያላቸው ቋንቋዎች በአብዛኛው የደቡባዊ አፍሪካ ናቸው። እንግዲህ ቀልዱ የጠቀሰው ኢትዮጵያን ሳይሆን አሜሪካዊው ሳሎን ውስጥ የሚታየውን የእርዳታ ማስታወቂያ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ማሾፉ ተሳክቶለታል፣ ልጁን ግን ሰው አላደረገውም። ሲምፕሰንስም ለሱቅ ነጋዴው ለአፑ ስም ያወጣለት ከሕንዱ የፊልም ሠሪ ከሳትያጂት ሬይ ታላላቅ ፊልሞች ነው፤ ያ ክቡር ምንጭ የሕንዶችን አነጋገር መሳለቂያ ከማድረግ አላዳነውም። ጥቅሻ ንቀትን አያነጻም። ጸሐፊው ይህን ቢሉ አጨበጭብላቸው ነበር። ንቀቱን ነጥሎ ለማውጣት ግን ማን ምን እንደጠቀሰ ማወቅ ግድ ነው።

የመጨረሻው ምሳሌዬ በጃንዋሪ 1992 የተላለፈው «ሬዲዮ ባርት» ነው። ባርት በልደቱ ቀን ድምፅ በሬዲዮ የምታስተላልፍ መጫወቻ ማይክሮፎን ይሰጠዋል። ሬዲዮኑን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ፣ ቲሚ የሚባል ወላጅ አልባ ልጅ ወድቋል ብሎ ከተማውን ያታልላል። ሕዝቡ ከያለበት ይነቀላል። ታዋቂ ሰዎች ስቱዲዮ ገብተው፣ ተደጋግፈው ቆመው፣ ፍቅራችንን ወደ ጉድጓዱ እንልካለን ብለው ይዘፍናሉ፤ እንግዳው ድምፃዊ እውነተኛው እንግሊዛዊ ዘፋኝ ስቲንግ ነው። የቴሌቪዥን ቀልደኛው ክረስቲ ገንዘቡ የት እንደሚገባ ሲጠየቅ ማስታወቂያ አለ፣ ማጓጓዣ አለ፣ ሊሞዚኖቹም በነፃ አልመጡም፣ የተረፈችውን ጉድጓዱ ውስጥ እንወረውራታለን ይላል።

አሜሪካዊው በ1987 ቴክሳስ ውስጥ ጉድጓድ ገብታ አገሩ በሙሉ በቴሌቪዥን የተከታተላትን ሕፃን ያስታውሳል። የእኛ ሰው የሚሰማው ግን ዘፈኑን ነው፦ «ዊ አር ዘ ወርልድ»። ማይክል ጃክሰንና ላየነል ሪቺ ጽፈውት፣ ኩዊንሲ ጆንስ ጃንዋሪ 28 ቀን 1985 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ያስቀረጸው፣ በእኛ አቆጣጠር ለ77ቱ ረሃብ የተዘፈነ ዘፈን። ከዚያ በፊት በኦክቶበር 1984 ቢቢሲ ከኮረም ያስተላለፈው ዘገባ ዓለምን አስደንግጦ፣ እንግሊዞቹ በኖቬምበር ለንደን ላይ ተሰብስበው የራሳቸውን ዘፈን ቀርጸው ነበር። ከዘፋኞቹ አንዱ ስቲንግ ነው። ካርቱኑ ውስጥ ስቱዲዮ የገባው ስቲንግ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

በዚህ ቀልድ እስቃለሁ፣ እቃወመዋለሁም። ጉድጓዱ ውስጥ ማንም የለም፤ ቲሚ የባርት ፈጠራ ነው፤ የዝነኞቹ ዕንባ የሚያስቀውም ለዚህ ነው። ኮረም ሜዳ ላይ ግን ሰው ነበር፣ ያውም በሺህ የሚቆጠር፣ የተላከው ስንዴም አንዳንዱን አትርፏል። ባዶ ጉድጓድን ከዚያ ጋር ማመሳሰል ያማል። ከዚያ ክፍሉ ይታጠፋል። ባርት ሬዲዮኑን ሊያወጣ ወርዶ የእውነት ይወድቃል፤ ያ ሁሉ የዘፈነ ሕዝብ መታለሉን ሲሰማ ጥሎት ይሄዳል፤ ዘፈኑም ከአንደኛነት ይወርዳል። አሁን የእውነት ልጅ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ካሜራውም የለም። መቆፈር የሚጀምረው አባቱ ነው፤ ሌሎቹ ኋላ ይከተላሉ፣ ስቲንግም አካፋ ይይዛል። ዘፈኑ ካለፈ በኋላ የቀረውን ረሃብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁለተኛ አጋማሽ ከማንም አሜሪካዊ በተለየ ዓይን ያየዋል። መሳቁንም ሆነ መቃወሙን የሚችለው ግን ዘፈኑ ምን እንደነበረ፣ ለማን እንደተዘፈነ ሲያውቅ ነው። ጸሐፊው «የሰው ቤት ሐሜት» ባሉት ነገር ውስጥ የተነሳው የእኛው ስም ነው።